የሲኒማ መኪና በምን ላይ ይቆማል?

ሰው የሚያየውን ያመሰግናል፤ የሚያየውን ነገር የተሸከመው ምን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ጀበናው ሲያምር ጀበናውን እናደንቃለን፤ ከሥሩ ያለው ማቶት ባይኖር ግን ሆዱ ክብ ነውና ተንከባልሎ ቡናው በፈሰሰ ነበር። መጽሐፍ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ሲነበብ ጆሯችን ወደ ቃሉ ነው እንጂ ወደ እንጨቱ አይደለም። ድስቱንም ሦስት ጉልቻ ይሸከመዋል፤ ምስጋናውን ግን ወጡ ይወስደዋል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረታችን እንኳ ጉልቻውን ለማቃለል የተነገረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጉልቻው ጨርሶ ከተነቀለ የሚጣፍጠውም የማይጣፍጠውም ወጥ አይኖርም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለእናንተ ለወጣቶች የማወራው ስለ አንድ እንዲሁ ስለ ተናቀ እንጨት ነው። ይኸውም ዛሬ አሮጌ የሆነው የፊልም ማሳያ፣ ታላላቆቻችን «የሲኒማ መኪና» ይሉት የነበረው፣ የሚቆምበት መቆሚያ ነው። ነገሩን ማንኪራ ላይ ሆነን እናስበው። ማንኪራ በካፋ ከቦንጋ ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ፣ በደኗ ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው የሚበቅልባት፣ የቡና መገኛ እየተባለች የምትጠራ መንደር ናት። ቡናና ሲኒማ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ሲኒማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ በይፋ የታየው በቡና ቤት ውስጥ ነውና።

ይህም የሆነው በፓሪስ ከተማ ግራን ካፌ በሚባለው ቡና ቤት፣ ከምድር በታች ባለው አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። ሉሚየር የተባሉት ወንድማማቾች፣ ኦጉስትና ሉዊ፣ የሠሩትን መኪና አቁመው እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞሉ 10 አጫጭር ፊልሞችን አሳዩ። መግቢያው 1 ፍራንክ ነበረ፤ በመጀመሪያው ትርኢት ከፍለው የገቡትም 33 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሕፃን ምግብ ሲበላ፣ አትክልተኛ በራሱ የውሃ ጎማ ሲረጥብ ታየ። ብዙ ጊዜ የሚወራው፣ ባቡር ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ሕዝቡ ደንግጦ ሸሸ የሚባለው ታሪክ ግን የዚያ ቀን ታሪክ አይደለም፤ የባቡሩ ፊልም ከእነዚያ ከ10ሩ መካከል አልነበረምና። ወሬ ደስ ሲል ማንም ቀኑን አይመረምርም።

የሉሚየሮች መኪና ክብደቱ 5 ኪሎ ያህል የሆነ የእንጨት ሣጥን ነበረ። ያው ሣጥን ያነሣል፣ ያትማል፣ ያሳያል። ከዚያ በፊት አሜሪካዊው ኤዲሰን ያወጣው መሣሪያ ግን ትልቅ ቁም ሣጥን ነበርና፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በቀዳዳ ለብቻው ያይበት ነበረ። የሉሚየሮቹ ቀላል ስለ ሆነ ባለሙያዎቻቸው በመርከብና በባቡር ተሸክመውት ዓለምን ዞሩ፤ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1896፣ ቦምቤይ ላይ ታየ። ለአንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሣጥኑ በቀለለ ቁጥር መቆሚያው ጠንካራ መሆን ነበረበት። መዘውሩን በእጅ የሚያዞረው ሰው ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሣጥኑን ይነቀንቀዋል፤ ከባድ ዕቃ በራሱ ክብደት ይረጋል፣ ቀላል ዕቃ ግን የሚያረጋው ሌላ ይፈልጋል።

ፊልም በመኪናው ውስጥ እንደ ጅረት ዝም ብሎ አይፈስም። አንድ ሥዕል ይመጣል፣ ይቆማል፣ ብርሃን ያልፍበታል፣ ከዚያም ጥፍር መሳይ ብረት ቀዳዳውን ይዞ ወደ ታች ይስበዋል፤ ድምፅ ባለው ፊልም ይህ በአንድ ሴኮንድ 24 ጊዜ ይደገማል። ይህን ይዞ መሳብና መልቀቅ ሉዊ ሉሚየር ያሰበው ከስፌት መኪና ነው ይባላል፤ ጨርቁ ወደ ፊት ተስቦ መርፌው ሲወርድ ቆም የሚለውን ዐይቶ። በየከተማችን ገበያ በበረንዳ ላይ በእግሩ እየረገጠ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ከሲኒማ ጋር ዝምድና ያለው ለዚህ ነው። ወደ ስፌት መኪናው ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ አንድ አሳዛኝ ነገር ልናገር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1897 በዚያው በፓሪስ፣ ለድሆች ርዳታ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ባዛር ውስጥ ሲኒማ ይታይ ነበር። ቤቱ ከእንጨትና ከሸራ ለጥቂት ቀናት የተሠራ ነው። የመኪናው መብራት በኤተር የሚነድ ነበረ። መብራቱ ሲያልቅ ኤተር ለመጨመር ተሞከረ፤ ስፍራው ጠባብና ጨለማ ነበርና ክብሪት ተጫረ። ተኑ ተያያዘ፣ ሸራው ተቃጠለ፣ 126 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የኤልሳቤጥ እኅትም አንዷ ናት። ሰዎች ወዲያው ሲኒማውን ረገሙ። ነገር ግን ያጠፋው ሥዕሉ አልነበረም፤ መኪናው የቆመበት ስፍራ ነው፤ ጠባብነቱ፣ ነዳጁ ከመብራቱ አጠገብ መሆኑ፣ ዙሪያው ሁሉ የሚነድ መሆኑ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሲኒማ መኪና ከተመልካቹ ተለይቶ እሳት በማያቃጥለው ግድግዳ በተከበበ ክፍል እንዲቆም ሕግ ወጣ። በድሮ ሲኒማ ቤቶች ከኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ መስኮት ያላት ክፍል ያየ ሰው የዚያን ቀን ጠባሳ ነው ያየው።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸነፈ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ዓለም ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ባወቀ በሁለተኛው ዓመት ካፋ ነጻ መንግሥትነቷን አጣች ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጥቂት ዓመት ቢቀር ወይም መኪናው ጥቂት ዓመት ቢቀድም ኖሮ የዚያ ቤተ መንግሥት ሥርዐት በፊልም ይቀር ነበር ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ፤ ከንቱ አሳብ እንደ ሆነም ዐውቃለሁ።

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው ከፓሪሱ ትርኢት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አስቀድሞ ለቤተ መንግሥት፣ ኋላም ለከተማው ሰው። አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ የተከፈተውን የፊልም ቤት ሰዉ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ዛሬ በዚህ ስም መሳቅ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ፍረዱ፤ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ሥጋና ደም የሌላቸው ሰዎች በግድግዳ ላይ ይሮጣሉ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል ድምፅ ግን የለም፣ መብራት ሲበራም አንዳቸው አይገኙም። ይህን ከመኪናውና ከመብራቱ ጋር አያይዞ የሚያስረዳ ሰው ካልተገኘ፣ «ሰይጣን ነው» ማለት ከአለማሰብ የመጣ አይደለም፤ ያዩትን ለማስረዳት በእጅ ያለው ቃል እርሱ ስለ ነበረ ነው። መኪናው በቆመበት በኩል ዞሮ የሚያሳያቸው ቢገኝ ኖሮ ሌላ ስም ያወጡለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲኒማ ቤቶች በዙ። በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት፣ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነው። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» በአማርኛ ተሠርቶ ታየ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የከተማ ታሪክ ነው፤ በሲሚንቶ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ከባድ መኪና ታሪክ። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው ለቦንጋና በዙሪያዋ ላሉት መንደሮች የሚስማማው ሌላው መኪና ነው።

ይህ ሌላው መኪና ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልሙ ነው። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ሲያወጣው ፊልሙን ከመጀመሪያው ቶሎ በማይነድ ነገር ሠራው፤ ለቤትና ለትምህርት ቤት ያሰበው ነበርና። በዚያን ጊዜ የነበረው የትልቁ ሲኒማ ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ግን እንደ ባሩድ የሚነድ ነበረ፤ እርሱም እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ድረስ ቆየ። እንግዲህ የባዛሩ ዐይነት አደጋ ስለ ቀለለ፣ መኪናው ከሲሚንቶው ክፍል ወጥቶ በሰው መካከል ለመቆም በቃ። በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመኪና ተጭኖ፣ መብራቱን ከጄኔሬተር እየወሰደ፣ ስለ ጤናና ስለ እርሻ የሚያስተምር ፊልም ወደ ጠቅላይ ግዛት ይዞ የሄደው ይህ ነው። እንደ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ታላቅ ሥራም የተነሣው በዚሁ በ16 ሚሊሜትር ነው። ነገር ግን ከሲሚንቶው ክፍል ሲወጣ መኪናው አንድ ነገር አጣ፤ መቆሚያውን።

ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚገምት ሰው ሒሳቡን ይሥራ። በ16 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ያለው ሥዕል ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ባለው ነጭ አቡጀዲ ላይ ሲያርፍ 200 ጊዜ ያድጋል፤ በመስኮቱ ላይ የቀረች የግማሽ ሚሊሜትር ቆሻሻ 10 ሳንቲሜትር ሆና ትታያለች። የመቆሚያው ነገር ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚከፋው። እግሮቹ በ60 ሳንቲሜትር የተራራቁ ይሁኑ፣ ሸራውም 12 ሜትር ይራቅ። አንደኛው እግር በመኪናው መንቀጥቀጥ 1 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ዝቅ ቢል፣ በሸራው ላይ ሥዕሉ 2 ሳንቲሜትር ይዘላል። በዝናብ በራሰው በማንኪራ አፈር ውስጥ 1 ሳንቲሜትር ቢሰምጥ ደግሞ ሥዕሉ 20 ሳንቲሜትር ይሸሻል፤ የተዋናዩ ጭንቅላት ከሸራው ወጥቶ በዛፉ ላይ ይቀራል።

ሌላም አለ። ባለ 44 ደቂቃው ትልቅ ጥቅል ፊልም ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ትርኢቱ ሲጀመር ይህ ክብደት ከፊት ነው፤ ሲያልቅ ከኋላ ነው። ማንም ሳይነካው ሸክሙ ቀስ በቀስ ቦታ ይለውጣል፤ ሲጀመር ቀጥ ብሎ የነበረ ደካማ መቆሚያም ሲያልቅ ያዘነብላል። ስለዚህ ተመልካቹ የዐይኑ ጥፋት መስሎት ዐይኑን ያሻል።

የዚህን መድኀኒት አገራችን ከጥንት ታውቀዋለች። ወደ ጅማ ብንሻገር ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣውን በርጩማ እናገኛለን። እግሩ ሦስት ነው። ለምን አራት አልሆነም ብላችሁ ጠይቁ። አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ትክክል ካልሆነ አንደኛው እግሩ አየር ላይ ይቀርና ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ግን የትኛውም ወጣ ገባ መሬት ላይ ሦስቱም ይነካሉ። ጉልቻ ሦስት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የፎቶግራፍ ባለሙያዎች በዓለም ሁሉ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ የሚይዙትም ለዚሁ ነው። እናቶቻችን ጂኦሜትሪ አልተማሩም የሚል ወጣት ካለ ወደ ማድ ቤት ገብቶ ይመልከት።

ሆኖም ሦስት እግር ዋጋ ያስከፍላል። እግሮቹ በአንድ ክብ ላይ ያረፉ ናቸው ብንል፣ ከመካከሉ እስከ መውደቂያው ጠርዝ ያለው ርቀት በሦስት እግር የክቡ ግማሽ ሬዲየስ ብቻ ነው፤ በአራት እግር ግን ከአሥሩ ሰባት እጅ ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ሦስት እግር አይንገዳገድም፣ ነገር ግን ቶሎ ይወድቃል። የጅማ በርጩማ ሠሪ ይህንንም ያውቃል፤ በርጩማውን ዝቅ፣ እግሮቹን ወደ ውጭ ዘርጋ ያደርጋቸዋል። ለሲኒማ መኪናው ግን ዝቅ ማለት አይቻልም፤ በአግዳሚ የተቀመጠ ሰው ራሱ 1 ሜትር ከ20 ወይም ከ30 ያህል ነውና ብርሃኑ ከዚያ በላይ ማለፍ አለበት። እንግዲህ ለረጅም መቆሚያ ሦስት እግር የሚመረጠው እግሮቹ ተዘርግተው ከታች እርስ በርስ ሲታሰሩ ነው፤ አለዚያ አራት እግር ሠርቶ ከአንዱ በታች ሽብልቅ ማግባት ይሻላል።

እኔ ብጠየቅ ግን ከሁለቱም አስቀድሜ ወደ ልብስ ሰፊው እሄዳለሁ። አሮጌ የእግር ስፌት መኪና ሲሞት ራሱ ይሞታል እንጂ የብረት እግሩ አይሞትም። ከባድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በመስቀል ብረት የተያያዘ ነው። ከላዩ ወፍራም ጣውላ በብሎን ይታሰርበት፤ ቁመቱ 75 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ በጣውላው ላይ 60 ሳንቲሜትር የሚሆን ጠንካራ ሣጥን ይታከልበት፤ መርገጫው እንዳይንኳኳ በሽቦ ይታሰር፤ መንኰራኵር ካለው ይውለቅ። በመኪናውና በሣጥኑ መካከል በረባሶ ከሚቆረጥበት ከአሮጌ ጎማ አራት ቁራጭ ቢገባ መንቀጥቀጡን ይውጠዋል። ሉዊ ሉሚየር የፊልሙን ጥፍር ከስፌት መኪና ወሰደ፤ እኛ ደግሞ እግሩን እንወስዳለን። ማንኪራ ላይ ደን ቆርጦ አዲስ እንጨት ማምጣት አያስፈልግም፤ የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የሕይወት ጥበቃ ክልል ነው፤ ለአንድ ሣጥን አሮጌ በርና የተጣለ አግዳሚ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ መሬቱን መጠቀም ነው። አገሩ ተዳፋት ነውና ሰዉን ከታች፣ መኪናውን ከኋላ ከፍ ካለው ላይ ብታደርጉት ረጅም እግር ሳያስፈልግ ብርሃኑ ከራስ በላይ ያልፋል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? አናጢው ነው፤ ብረት ቀጥቃጩ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለን ስንጠራው እንደ ኖርን ታውቃላችሁ። ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብለን አልፈነዋል፤ በሠራው ማረሻ አርሰን በልተን እርሱን ግን ከማዕድ አርቀነዋል። ሲኒማውን በቤተ መንግሥታቸው የተቀበሉት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን ቀድሞ የተወለደ ነውና ቶሎ አልሞተም። በካፋም ቢሆን መንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን፣ አድነውና ከሰል አክስለው ደኑን ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት፣ ከሌላው ጋር እንዳይበሉና እንዳይጋቡ ተደርገው ብዙ ዘመን ኖረዋል። ይህ የሩቅ ታሪክ ነው ብሎ የሚያልፍ ወጣት በመንደሩ ሠርግ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ይመልከት።

ስለዚህ ማንኪራ ላይ አቡጀዲ ቢሰቀል መኪናውን ከማቆም በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። አግዳሚው ሲደረደር ማን ከፊት፣ ማን ከዛፉ ሥር ቆሞ ያያል? የሲኒማ ጨለማ ሁሉን እኩል ያደርጋል ይላሉ፤ እኔ ግን አላምንም። ጨለማው የሚመጣው ሰዉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። መቀመጫው የሚለየው ገና በቀን ነውና፣ እኩል መሆን ካለበት በቀን መሆን አለበት፤ ይህም የመኪናው ሥራ ሳይሆን አግዳሚውን የሚደረድሩት ወጣቶች ሥራ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ዛሬ ሥዕሉ ሁሉ በኪስ ስልክ ውስጥ ሳለ ለአሮጌ መኪና መቆሚያ መሥራት ምን ያደርጋል?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው መልስ ፊልሙ ራሱ እየሞተ ነው የሚል ነው። ያ ቶሎ የማይነደው ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ውስጡ ይበሰብስና እንደ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፤ ከዚያም ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻም መኪና ውስጥ አይገባም። የካፋ አየር ለቡና የተመቸ ነው፤ ለፊልም ግን ጠላት ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተቀመጠ ጥቅል ካለ፣ ክዳኑን ከፍቶ የሚያሸትተውና ሳይረፍድ ለባለሙያ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛው መልስ መኪናው አንድ ጊዜ ከወደቀ የሚተካው አለመኖሩ ነው። ሌንሱ ቢሰበር፣ አምፑሉ ቢቃጠል፣ ብዙዎቹን መሣሪያዎች የሚሠራ ፋብሪካ ዛሬ የለም። የ20 ኪሎ ብረት ከአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚወድቅ፣ መቆሚያው ላይ ሁለት ቀን መድከም ይቀላል። ከሥሩም ሕፃናት እንደሚቀመጡ አትርሱ።

ለዚህም ነው የመብራቱ ገመድ በቀጥታ ከመኪናው ተወጥሮ መሬት ለመሬት መሄድ የሌለበት። አስቀድሞ በመቆሚያው እግር ላይ፣ ከታች፣ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ይታሰር። በጨለማ የሚሮጥ ልጅ ገመዱን በእግሩ ቢመታው የሚጎተተው የብረቱ እግር እንጂ ከላይ ያለው መኪና አይሆንም። የመኪናው የአየር መሳቢያ በጣውላው እንዳይደፈን ከሥሩ ክፍት ቦታ ይተውለት፤ 750 ወይም 1000 ዋት የሚበላ አምፑል ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው።

ፊልሙም ሲያልቅ መብራቱ ብቻ ይጥፋ፤ ማራገቢያው ግን ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። ገና ያልበረደ አምፑል ሲነቃነቅ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይበጠሳልና። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ሰዉ ይነሣል፣ አቡጀዲው ይወርዳል፣ አግዳሚው ይሰበሰባል። ከዚያ መኪናው ከነጎማዎቹ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ የብረቱ እግር ግን ከባድ ነውና ሁለት ሰው ይሸከመዋል።